ባለገመዱ ይሻላል ወይስ ገመድ አልባው? ስለ ጆሮ ማዳመጫ ምርጫ



ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ የምናውቃቸው አባት ከደጀ ሰላሙ አጠገብ አስቆሙን። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበረ። ልጄ ገመድ የሌለውን የጆሮ ማዳመጫ ካልገዛህልኝ ብላ መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ። እኔ ግን ባለገመዱ ርካሽ ስለ ሆነ እርሱ ይበቃታል ባይ ነኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉን። እኛም መንገደኛ እንደ መሆናችን ብዙ ሳናስብ፣ «እንግዲያው ባለገመዱን ይግዙላትና ይገላገሉ» ብለን ተሰናብተናቸው ሄድን።

ቤታችን ገብተን ዐረፍ ስንል ግን መልሳችን ቆረቆረን። የተናገርነው ሁሉ ስለ ዋጋው ብቻ ነበረና፤ ዕቃው ስለሚገባበት ስለ ልጂቱ ጆሮ አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈስንም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ እኛም ያፈሰስነውን ለመልቀም በዚህ ወር ዐምዳችንን ለዚሁ ጕዳይ ለማዋል ወሰንን። ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ዛሬ ከታክሲ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤት ግቢ፣ ከማእድ ቤትም ሳይቀር ይህ ዕቃ የሌለበት ስፍራ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ወላጅ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ሊቀርብለት ይችላል።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ባለገመዱም ሆነ ገመድ አልባው፣ ከጆሮ የሚገባው ክፍላቸው አብዛኛውን ጊዜ አሠራሩ አንድ ነው። በውስጡ ትንሽ ማግኔት፣ ከጠጕር የቀጠነ ጥቅል ሽቦና አንድ ስስ ሽፋን ይገኛሉ። የኤሌክትሪክ ኀይል በጥቅሉ ሽቦ ውስጥ ሲመላለስ፣ ሽቦው ከማግኔቱ ጋራ አንድ ጊዜ እየተሳሳበ አንድ ጊዜ እየተገፋፋ ሽፋኑን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሽፋኑም በከበሮ ላይ እንደ ተወጠረ ቆዳ አየሩን እየመታ ድምፅን ያሰማል። ስለዚህ ልዩነቱ ያለው በጫፋቸው ላይ አይደለም። መልእክቱ ከስልኩ ተነሥቶ እስከዚያ ሽፋን ድረስ በምን መንገድ ይጓዛል? የሁለቱ መለያ ይህ ብቻ ነው።

በባለገመዱ መንገዱ የመዳብ ሽቦ ነው። በጫፉ ያለው መሰኪያ ከምናስበው በላይ አሮጌ ታሪክ አለው። ትልቁ ወንድሙ በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ግድም ለስልክ ማዞሪያ ቤቶች የተሠራ ነበረ፤ የማዞሪያው ሠራተኛ አንዱን ደዋይ ከሌላው ጋራ የምታገናኘው ያንን መሰኪያ ከቀዳዳው በማግባት ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።) በአገራችንም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ ሽቦ የመዘርጋቱ ሥራ የተጀመረው በ1894፣ ይኸው መሰኪያ በሌላው ዓለም በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ ነው። በኋላ መሰኪያው እየተሻሻለ 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ትንሹ ዐይነት ተሠራ፤ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1979 ዎክማን የተባለውን በኪስ የሚያዝ የካሴት ማጫወቻ ባወጣ ጊዜ ደግሞ ትንሹ መሰኪያ በዓለም ሁሉ የታወቀ ሆነ።

በገመድ አልባው መንገዱ አየር ነው። ይህ ጥበብ ብሉቱዝ ይባላል፤ በአማርኛ «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ነው። ሥራው የተጀመረው በስዊድን አገር፣ ኤሪክሰን በተባለው ኩባንያ ቤት በ1994 ሲሆን፣ በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ ኣይ ቢ ኤምና ቶሺባ ማኅበር ሆነው ለዓለም አቀረቡት። ስሙ የተወሰደው በ10ኛው ምእተ ዓመት ከነገሠው ከዴንማርክ ንጉሥ ከሐራልድ ቅጽል ስም ነው። ይህ ንጉሥ ዴንማርክንና ኖርዌይን በአንድ ዘውድ ሥር ያደረገ፣ ዴንማርኮችንም ክርስቲያን ያደረገ መሆኑን ራሱ ያቆመው የድንጋይ ጽሑፍ ይመሰክራል። እርሱ የተለያዩ አገሮችን አንድ እንዳደረገ፣ ጥበቡም የተለያዩ መሣሪያዎችን ያገናኛል በማለት ስሙን ሰጡት።

አሠራሩም የሚያስደንቅ ነው። ስልኩ ድምፁን በቍጥር ይለውጥና እየጨመቀ በራዲዮ ሞገድ ይልከዋል። ሞገዱ የሚጓዝበት መስመር ዋይፋይ፣ የማይክሮዌቭ ምድጃና ሌሎችም መሣሪያዎች የሚጋፉበት ስለ ሆነ፣ የተለመደው ብሉቱዝ በ79 ጠባብ መስመሮች መካከል በሴኮንድ 1,600 ጊዜ ያህል እየዘለለ ግፊያውን ያመልጣል። በጆሮ ውስጥ ያለችው ፍሬ መልእክቱን ትቀበላለች፤ የተጨመቀውን ትፈታለች፤ በገዛ ባትሪዋም ኀይል ሽፋኑን ታንቀጠቅጣለች። እንግዲህ አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ ገመድ አልባው ማዳመጫ ራሱን የቻለ ትንሽ ራዲዮ ነው። ጥቅሙም ጕዳቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ይህ ምርጫ ለብዙ ሰው ግድ የሆነበት ጊዜ 2016 ነው። በዚያ ዓመት አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመሰኪያው ቀዳዳ የሌለው ስልክ አወጣ፤ ወዲያውም ገመድ አልባውን ማዳመጫ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ዋጋቸው ከፍ ያለ ስልኮች ብዙዎቹ ቀዳዳውን ተዉት፤ በዋጋ ዝቅ ካሉት ዘንድ ግን አሁንም በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት በመጀመሪያ ስልካችሁን አገላብጣችሁ ተመልከቱ። ክቡ ቀዳዳ የሌለው የሆነ እንደ ሆነ፣ በቻርጀሩ ቀዳዳ የሚገባ ባለገመድ ማዳመጫ ወይም አጭር መለወጫ ያስፈልጋችኋል። መለወጫውም ሁሉ ለሁሉ ስልክ አይሆንምና ከዚያው ከሱቁ ሳትወጡ በገዛ ስልካችሁ ሞክሩት።

አሁን ሁለቱን በሚዛን እናስቀምጣቸው።

አንደኛው የድምፅ ጥራት ነው። በሽቦ የሚሄደው ድምፅ ለመንገዱ ሲባል አይጨመቅም። በአየር የሚሄደው ግን፣ ቀድሞ እንደ ተናገርነው፣ ይጨመቃል። ለማነጻጸር ያህል፣ የሙዚቃ ሲዲ በሴኮንድ 1,411 ኪሎ ቢት መልእክት ሲያስተላልፍ፣ ማናቸውም ብሉቱዝ ማዳመጫ የሚያውቀው የተለመደው የአጨማመቅ ዘዴ ከ328 ብዙም አያልፍም፤ የተሻሉት ዘዴዎች እስከ 990 ይደርሳሉ። ይህን ሰምታችሁ ግን ገመድ አልባውን አትናቁ፤ አጨማመቁ ጆሮ የማይለየውን እየመረጠ የሚጥል ነውና፣ ትምህርት ለሚያደምጥ፣ ዜና ለሚከታተል፣ በታክሲ ውስጥ መዝሙር ለሚሰማ ሰው ልዩነቱ ከቶ ላይታወቀው ይችላል። ከዚህ ይልቅ የሚታወቀው በጫፉ ያለው የላስቲክ ቆብ ከጆሮ ልክ ጋራ መግጠሙና አለመግጠሙ ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ልክ አብሮ ይሰጣል፤ ብዙ ሰው ግን መካከለኛውን ብቻ አድርጎ ሌሎቹን ከነላስቲካቸው ይጥላቸዋል። ልኩን ያላገኘ ማዳመጫ ወፍራሙ ድምፅ ያመልጠዋል፤ ባለቤቱም ዕቃውን ይረግማል።

ሁለተኛው የድምፅ መዘግየት ነው። በሽቦ የሚመጣው ወዲያው ይደርሳል። ገመድ አልባው ሲጨምቅና ሲፈታ ከሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ እስከ ሦስት ዐሥረኛ ያህል ሊዘገይ ይችላል። ይህ ለንግግር ምንም አይደለም፤ ብዙ ስልኮችም ፊልም ሲያሳዩ ሥዕሉን አዘግይተው ከድምፁ ጋራ ያስተካክሉታል። ዜማን ወይም የሙዚቃ መሣሪያን ከተቀዳ ድምፅ ጋራ እያነጻጸረ ለሚለማመድና የራሱን ድምፅ በዚያው እየሰማ ለሚቀዳ ተማሪ ግን መዘግየቱ እንቅፋት ነው። ለእርሱ ያለ ጥርጥር ባለገመዱ ይሻላል።

ሦስተኛው የባትሪ ጕዳይ ነው፤ የሚዛኑ ክብደት ያለው በዚህ ላይ ይመስለናል። ባለገመዱ ድንጋይ አይሻም፤ ስልኩ እስካለ ድረስ እርሱም አለ። ገመድ አልባው አንድ ጊዜ ከተሞላ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያገለግላል፤ ማኅደሩም ውስጥ ሌላ ባትሪ ስላለ ፍሬዎቹን ደጋግሞ ይሞላቸዋል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ግን ስልክን፣ የእጅ ባትሪንና ማዳመጫን ሁሉ መሙላት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከዚህም በላይ የሊቲየም ባትሪ ዕድሜው የተቈጠረ ነው፤ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ኀይሉ እየደከመ ይሄዳል። እኛም ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት የገዛነው ገመድ አልባ ማዳመጫ ዛሬ የግራው ፍሬ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያንቀላፋል። ለማሠራት ወደ ሦስት ጠጋኞች ብንወስደው፣ ሦስቱም አገላብጠው አይተው መለሱልን። ፍሬው በሙጫ የተጣበቀ ስለ ሆነ ሳይሰበር አይከፈትም። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ሕግ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች ባትሪ ከ2027 ጀምሮ ባለቤቱ ራሱ ሊለውጠው የሚችል እንዲሆን አዝዟል።

አራተኛው ዕድሜና ጥገና ነው። ባለገመዱም የራሱ ደዌ አለው፤ ሽቦው ከመሰኪያው አጠገብ ወይም ለሁለት በሚከፈልበት ስፍራ ይበጠስና አንዱ ጆሮ ዝም ይላል። ይህ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአያያዝ ነው፤ ገመዱን ይዘው ስለሚነቅሉት፣ በስልኩም ላይ አጥብቀው ስለሚጠመጥሙት። መሰኪያውን ይዞ መንቀልና ገመዱን ላላ አድርጎ መጠቅለል ዕድሜውን ያረዝመዋል። የተበጠሰም እንደ ሆነ ደኅና ዐይነት ከሆነ ራዲዮ ጠጋኝ ሊበይደው ይችላል። ገመድ አልባው በገመድ መበጠስ አይታመምም፤ ነገር ግን ይጠፋል። ከታክሲ ወንበር ሥር፣ ከፍሳሽ ቦይ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያ መካከል የቀረችውን አንዲት ፍሬ የሚያውቅ ያውቃታል።

አምስተኛው ምቾትና ደኅንነት ነው። እዚህ ላይ ገመድ አልባው ይበልጣል። ከምጣድ አጠገብ ለምትሠራ እናት፣ ከሚሽከረከር መኪና ወይም ከማሽን አጠገብ ለሚቆም ሠራተኛ የሚንጠለጠል ገመድ ምቾት የማይሰጥ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። ደግሞም ስልኩ ቻርጅ ላይ ሳለ ባለገመድ ማዳመጫ ከጆሮ አድርጎ መተኛት አይገባም፤ ጥራቱ ያልታወቀ ቻርጀር በተበላሸ ጊዜ የቤቱን የኤሌክትሪክ ኀይል በገመዱ በኩል ወደ ሰውነት ሊያሳልፍ ይችላልና። ለትንንሽ ሕፃናት ደግሞ የገመድ አልባው ፍሬ ሊዋጥ የሚችል ነገር ስለ ሆነ ከእጃቸው መራቅ አለበት።

በዚሁ ስፍራ ብዙ ወላጆች የሚጠይቁትን እንመልስ። «ሞገዱ አንጐል አይጐዳምን?» ይላሉ። የብሉቱዝ ሞገድ የራዲዮ ሞገድ እንጂ እንደ ኤክስሬይ ያለ ጨረር አይደለም። የማዳመጫው ኀይል ከጥቂት ሚሊዋት አይበልጥም፤ ይህም ስልኩን ራሱን ጆሮ ላይ ለጥፎ ከመነጋገር በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ብቻ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አያስፈልግም።

ስድስተኛውን ነገር ብዙ ሻጮች አይናገሩትም። የኤፍ ኤም ራዲዮ ባለው ስልክ የማዳመጫው ገመድ አንቴና ሆኖ ያገለግላል። ገመዱ ካልተሰካ ራዲዮው ብዙውን ጊዜ አልሰማም ይላል። ስለዚህ የኢንተርኔት ገንዘብ ሳያወጡ ዜናና መንፈሳዊ ትምህርት በስልካቸው ራዲዮ ለሚከታተሉ አረጋውያን ባለገመዱን ነጥቆ ገመድ አልባ መስጠት፣ ስጦታ መስሎ ራዲዮኑን መውሰድ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ያልነው ሁሉ ስለ ዕቃው ነው። አሁን ስለ ጆሮው እንናገር፤ ባለፈው እሑድ ያስጨነቀንም ይኸው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናስተምርበት ክፍል ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። ስንጠራው አይመልስም፤ ስናስጽፈው ይሳሳታል። አንድ ቀን የቃል ጽሕፈት ስናጽፍ፣ «ሰውዬው ሠራ» ብንል እርሱ «ፈራ» ብሎ ጻፈ። ቀልድ መሰለን። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል ብለንም ተቈጣንና በጓደኞቹ ፊት አስቆምነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆመ እንጂ አልመለሰልንም። በማግስቱ እናቱ መጡ፤ አልተቈጡም፣ አላማረሩም፤ ከሐኪም ቤት የመጣ ወረቀት ብቻ አሳዩን። ልጁ ቀጭን ድምፆችን የሚሰማበት የመስማት ኀይል ከሁለቱም ጆሮው ተቀንሷል። ሌሊት ሌሊትም ጆሮው ውስጥ የማያቋርጥ ጭውታ ይሰማዋል። ከሁለት ዓመት በላይ በየሌሊቱ ማዳመጫ ከጆሮው ሳያወጣ፣ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ይተኛ ኖሯል።

እኛም ወዲያው፣ «ገመድ አልባ ነበረ?» ብለን ጠየቅናቸው። «የለም መምህር፤ ርካሹን ባለገመድ ነው የገዛሁለት። ስጦታ መስሎኝ ነበረ» አሉን። ያ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። እንዲህ ሆኖ ሳለ ባለፈው እሑድ ለሌላ ወላጅ «ባለገመዱን ይግዙላትና ይገላገሉ» ማለታችን እንዴት እንዳሳፈረን አንባቢ ይፍረደው።

በጆሮ ውስጥ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል፣ 16 ሺህ ያህል ጠጕር መሳይ ሕዋሳት አሉ። ድምፅ ሲመጣ እንደ ጤፍ ማሳ በነፋስ ይወዛወዛሉ፤ ውዝዋዜያቸውም ወደ አንጐል የሚሄድ መልእክት ይሆናል። ኀይለኛ ድምፅ ሲበዛባቸው እንደ በረዶ እንደ መታው አዝመራ ይተኛሉ፤ ዕረፍት ካገኙ ይነሣሉ፤ ካላገኙ ይሞታሉ። በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። አስቀድመው የሚጐዱት ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ናቸው። የ«ሰ»፣ የ«ፈ»፣ የ«ሸ» ድምፅ የሚታወቀው በእነርሱ ስለ ሆነ፣ ያ ልጅ መምህሩ መናገሩን ይሰማል፤ ምን እንዳለ ግን አይለይም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረት ስለ ሐሜት የተነገረ ቢሆንም፣ ለዚህም ይስማማል፤ ጆሮ ሲጐዳ እንደ ጥርስ ጮኾ አይናገርምና።

የዓለም የጤና ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በእንዲህ ያለ አደማመጥ ምክንያት የመስማት ኀይላቸው ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን ይናገራል። ልኩንም ሰጥቷል። ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ ለሕፃናት 75 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት። ዴሲቤል የድምፅ ኀይል መለኪያ ነው። አቈጣጠሩ ግን እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ አይደለም፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቍጥር የድምፁ ጕልበት እጥፍ ይሆናል፤ የተፈቀደውም ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በ80 ዴሲቤል 40 ሰዓት የተፈቀደለት ሰው፣ በ83 የሚፈቀድለት 20 ሰዓት ነው፤ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት። 90 ሲደርስ ለሳምንቱ በሙሉ የሚፈቀድለት 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ድርጅቱ ራሱ ቀላል ምልክት ሰጥቷል፤ ይኸውም የስልኩን ድምፅ ከመጨረሻው ከመቶ 60 እጅ በላይ አለማሳለፍ ነው። ብዙ ስልኮችም ድምፁ ከተወሰነለት እንዳያልፍ የሚያግዱበት ማስተካከያ አላቸው፤ ወላጅ አንድ ጊዜ ቢያስተካክለው ለብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ሰው ድምፁን ከልክ በላይ ከፍ የሚያደርገው ለምንድር ነው? አብዛኛውን ጊዜ የታክሲውን ጫጫታ ለመሸነፍ ፈቃደኛ ስላልሆነ ነው። እዚህ ላይ ልኩን ያገኘ የላስቲክ ቆብ ጆሮን ይጠብቃል፤ የውጭውን ጫጫታ ስለሚዘጋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስማት ይቻላልና። ውድ ከሆኑት ገመድ አልባዎች አንዳንዶቹ ደግሞ የውጭውን ድምፅ በትንሽ ማይክሮፎን ሰምተው ተቃራኒውን ሞገድ በማሰማት ጫጫታውን ያጠፉታል። ይህ ለጆሮ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ጫጫታን የሚዘጋ ነገር የመኪና ጡሩምባንም ይዘጋል። ስለዚህ አስፋልት በምትሻገሩበት ጊዜ ባለገመድም ሆነ ገመድ አልባ ከጆሮ መውጣት አለበት፤ ለዚህ ሕግ ልዩ ሁኔታ የለውም።

ስለ ንጽሕናም አንድ ቃል። ማዳመጫን መዋዋስ የጥርስ መፋቂያን ከመዋዋስ ብዙ አይለይም። የላስቲክ ቆቡን እያወለቁ በለብታ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በደንብ አድርቆም መመለስ ይገባል፤ ፍሬውን ራሱን ግን ውሃ ውስጥ መንከር አይገባም። ጆሮው የሚያመው ወይም ፈሳሽ ያለው ሰው እስኪድን ድረስ ምንም ነገር አያግባበት።

እንግዲህ የቱን እንግዛ? ነገሩን እንዲህ ብንጠቀልለው ይበቃል ብለን እናስባለን። ስልኩ ክብ ቀዳዳ ያለው፣ ገንዘቡ የተመጠነ፣ በሰፈሩም መብራት የሚቈራረጥ ሰው ባለገመዱን ይግዛ። ዜማና ቋንቋ ለሚያጠና ተማሪም፣ በራዲዮ ለሚጽናኑ አረጋዊም እንዲሁ። ሥራው እጁንና አካሉን የሚያንቀሳቅስ፣ በየቀኑ ረዥም መንገድ የሚሄድ፣ ስልኩም ቀዳዳ የሌለው ሰው ገመድ አልባውን ቢመርጥ ብልኅነት ነው፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ እንደሚገዛ ግን ከወዲሁ ዐውቆ ይግባበት። ለባልንጀራ አለኝ ለማለት ሲባል ብቻ ውዱን መግዛት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ስትገዙም እነዚህን አትርሱ። የታወቁ ኩባንያዎች ስም ያለበት፣ ዋጋው ግን የሚያስገርም ርካሽ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የተመሳሰለ ነው። ሁለቱንም ጆሮ ለየብቻ ሞክሩ፤ በማይክሮፎኑም ለአንድ ሰው ደውላችሁ ድምፃችሁ ይሰማ እንደ ሆነ ጠይቁ። ባለገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ ቀስ ብላችሁ እጠፉት፤ ከተንኮሻኮሸ ተዉት። ገመድ አልባውን ስልኩን ከኪስ አግብታችሁ ጥቂት ተራመዱበት፤ የሰው አካል ውሃ ስለሚበዛው ሞገዱን ያዳክመዋልና፣ ከተቈራረጠ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ይህን ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት ከመስጠታችን በፊት፣ ረቡዕ ማታ ወደዚያ አባት ቤት ሄደን ያለፈውን መልሳችንን ይቅር እንዲሉን ጠየቅናቸው። ቡና ተፈልቶ ሳለ ከላይ የጻፍነውን ሁሉ ነገርናቸው፤ ልጂቱም ጥግ ተቀምጣ ታደምጥ ነበረ። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ «ታዲያ መምህር፣ ድምፁን ስንት ላይ ላድርገው?» አለችን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለ ገመድ ስንከራከር ያልጠየቅነውን ጥያቄ ልጂቱ ጠየቀችው።

ስልኳን ተቀብለን ማገጃውን አብረን አስተካከልን። አባቷም የራሳቸውን አውጥተው፣ «የእኔንስ እስቲ ተመልከቱልኝ» አሉ፤ ብናየው ድምፁ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ ኖሯል። ማታ ማታ ዜና ሲሰሙ ልጂቱ ደጋግማ ብትጠራቸው አይሰሟትም ነበረ ብለው እናቲቱ ሳቁ፤ አባትየው ግን አልሳቁም። በማግስቱ ጆሯቸውን ለማስመርመር ወደ ሐኪም ቤት እንደሚሄዱ ነገሩን።

የቱ እንደ ተገዛላት አልጠየቅንም። ያ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ የነበረው ልጅ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፊት ወንበር፣ ከእኛ ትይዩ ተቀመጠ፤ በጓደኞቹ ፊት እንዳስቆምነው በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። የቃል ጽሕፈት ስናጽፍም ወደ እርሱ ዞረን፣ ከንፈራችን እንዲታየው አድርገን፣ ቀስ ብለን መናገር ተማርን። እናንተም ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ከሌላ ክፍል ሆናችሁ በቀስታ በስማቸው ጥሯቸው። ካልሰሙ ከመቈጣታችሁ በፊት ጆሯቸውን ተመልከቱ።